የጥርስን ሕይወት የሚታደገው ሲሚንቶ

ሲሚንቶ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሕንፃ፣ ድልድይና ግድብ ነው። ይሁን እንጂ የዚሁ ዱቄት የነጠረ ዘመድ ከስንዴ ቅንጣት ባነሰ መጠን እየተቦካ ሊሞት የተቃረበን ጥርስ ለማትረፍ ይውላል። ጉዳዩ የጥርስ ሐኪሞች ቢሆንም መሠረቱ ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንማራቸው የኬሚስትሪና የፊዚክስ ሕጎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጋለጠ የጥርስ ፐልፕን ለመሸፈን የሚያገለግሉ ቁሶች ከየት ተነሥተው የት እንደደረሱ እንቃኛለን።

ፐልፕ ምንድን ነው?

ጥርስ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል። ውጫዊው ሽፋኑ ኢናሜል ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ ጠንካራው ነው። ከኢናሜሉ ሥር በዓይን በማይታዩ ቱቦዎች የተሞላው ዴንቲን ይገኛል። በመካከሉ ደግሞ የደም ሥሮችን፣ ነርቮችንና ሕዋሳትን የያዘ ለስላሳ አካል አለ፤ ይህም ፐልፕ ይባላል። በተለምዶ «ነርቩ ተነካ» ሲባል የሚነገረው ስለ ፐልፕ ነው። በፐልፑ ዳርቻ የተደረደሩት ኦዶንቶብላስት የተባሉ ሕዋሳት ዴንቲንን የሚሠሩ ግንበኞች ናቸው።

ፐልፕ የሚኖረው ግድግዳው በማይለጠጥ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በመሆኑም ሲቆጣና ሲያብጥ የሚሰፋበት ቦታ ስለማያገኝ ግፊቱ ይጨምራል። የጥርስ ሕመም እንቅልፍ የሚነሳበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጥርስ በመቦርቦር ወይም በመሰበር ምክንያት ተከፍቶ ፐልፑ ለአፍ ሲጋለጥ ደግሞ አደጋው የከፋ ይሆናል።

ጉዳቱ በተለይ በልጆች ላይ ይበረታል። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ብቅ የሚለው ልጁ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ሥሩ አድጎ የሚጠናቀቀው ግን ከዚያ በኋላ 3 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በዚህ መሐል ፐልፑ ከሞተ የሥሩ እድገት ይቆማል፤ ግድግዳውም ስስ ሆኖ ስለሚቀር ጥርሱ በቀላሉ ይሰበራል። እንግዲህ ፐልፕን በሕይወት ማቆየት ማለት ለልጁ የዕድሜ ልክ ጥርስ ማቆየት ማለት ነው።

ከወርቅ ወደ ኖራ

የተጋለጠን ፐልፕ ሸፍኖ ለማዳን የተደረገው ቀዳሚ ሙከራ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1756 ነው። የፕሩሲያው ንጉሥ የታላቁ ፍሬድሪክ የጥርስ ሐኪም የነበረው ፊሊፕ ፕፋፍ በተጋለጠው ፐልፕ ላይ ስስ የወርቅ ቅጠል ስለማኖር ጻፈ። ወርቅ አይዝግም፤ ነገር ግን ፐልፑን እንዲጠገን አያነሣሣውም።

እ.ኤ.አ. በ1920 ጀርመናዊው በርናርድ ሄርማን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድን ለጥርስ ሕክምና አስተዋወቀ። ይህ ቁስ ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ በውሃ ሲርስ የሚገኘው ውሕድ ነው። የደማችን ፒ.ኤች. 7.4 ገደማ ሲሆን የካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ልቁጥ ግን እስከ 12.5 ይደርሳል። የፒ.ኤች. መለኪያ ሎጋሪዝማዊ በመሆኑ ይህ ልዩነት የሃይድሮክሳይድ አየን ክምችት ከ100,000 እጥፍ በላይ መጨመሩን ያመለክታል። በዚህ ሁኔታ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች መኖር አይችሉም። ቁሱ የፐልፑን ስስ ገጽ ቢያቃጥልም ከሥር ያለው ሕያው ክፍል አዲስ ዴንቲን ሠርቶ ቀዳዳውን ይዘጋል። ይህም አዲስ ግድግዳ የዴንቲን ድልድይ ይባላል።

አዳኙ ማን ነው?

ለመሆኑ ድልድዩን የሠራው ኖራው ነው ወይስ ፐልፑ? እ.ኤ.አ. በ1965 ካኬሃሺ፣ ስታንሊና ፊትዝጄራልድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለዚህ ጥያቄ ግሩም መልስ የሚሰጥ ሙከራ አሳተሙ። ተመራማሪዎቹ የአይጦችን መንጋጋ ሰርስረው ፐልፑን ካጋለጡ በኋላ ምንም ሳይሸፍኑ ተዉት። ከአይጦቹ ከፊሎቹ እንደማንኛውም አይጥ ያደጉ ሲሆኑ ሌሎቹ ግን ከተወለዱ ጀምሮ ከማናቸውም ረቂቅ ሕዋስ ተጠብቀው የኖሩ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ፐልፕ መግሎ ሞተ። ረቂቅ ሕዋስ በሌለባቸው አይጦች ግን ምግብ በቀዳዳው ውስጥ እየተጠቀጠቀ እንኳ ፐልፑ በሕይወት ቆየ፤ በሳምንታት ውስጥም የዴንቲን ድልድይ ሠራ።

ከዚህ የምንረዳው ፐልፕ ራሱን የመጠገን ችሎታ እንዳለው ነው። ዋነኛው ጠላት ባክቴሪያ በመሆኑ ከሽፋኑ የሚጠበቀው ትልቁ ተግባር በሩን አጥብቆ መዝጋት ነው። ኖራ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ከዴንቲን ጋር አይጣበቅም፤ በጊዜ ብዛት ይሟሟል፤ ከሥሩ የሚሠራው ድልድይም ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ ሊያሳልፉ የሚችሉ ቀዳዳዎች አሉት።

ሲሚንቶ ወደ አፍ ሲገባ

እ.ኤ.አ. በ1993 በካሊፎርኒያ የሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ማህሙድ ቶራቢነጃድና ባልደረቦቹ ኤም.ቲ.ኤ. የተባለውን ቁስ አስተዋወቁ። ከይዘቱ 75 በመቶ ያህሉ ፖርትላንድ ሲሚንቶ፣ 20 በመቶው ቢስመዝ ኦክሳይድ፣ 5 በመቶው ደግሞ ጂፕሰም ነው። የአፍ ውስጥ እርጥበት ብዙ የጥርስ መሙያዎችን ሲያበላሽ ለሲሚንቶ ግን ውሃ የሚጠነክርበት ምክንያት ነው።

የሲሚንቶው ዋና ክፍል የሆነው ትራይካልሲየም ሲሊኬት ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሁለት ውጤቶች ይገኛሉ። አንደኛው እየጠጠረ ቀዳዳውን የሚዘጋው የካልሲየም ሲሊኬት ሃይድሬት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው! ስለዚህ አዲሱ ቁስ የቀድሞውን መድኃኒት በውስጡ እያመረተ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ራሱ ግን እንደ ኖራው ሟሙቶ አያልቅም። የሚለቀው ካልሲየም በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ካለው ፎስፌት ጋር ሲዋሐድ በገጹ ላይ ከጥርስ ማዕድን ጋር የሚመሳሰል አፓታይት ይፈጠራል።

ቢስመዝ የተጨመረው ለፊዚክስ ሲባል ነው። ራጅን የመምጠጥ ችሎታ ከአቶማዊ ቁጥር ጋር በፍጥነት ያድጋል። የካልሲየም አቶማዊ ቁጥር 20 ሲሆን የቢስመዝ 83 ነው። ሲሚንቶው ለብቻው ቢሆን በራጅ ፊልም ላይ ከዴንቲን ለመለየት ያስቸግራል፤ ቢስመዝ ሲገባበት ግን ነጥሮ ይታያል። ሆኖም ቢስመዝ ጥርስን ያጠቁራል። የመጀመሪያው ኤም.ቲ.ኤ. መጥጠር ለመጀመርም 2 ሰዓት ተኩል ያልፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ገበያ ላይ የዋለው ባዮዴንቲን ቢስመዙን በዚርኮኒየም ኦክሳይድ ተካ፤ በካልሲየም ክሎራይድ ረዳትነትም በ12 ደቂቃ ያህል ይጠጥራል።

ማስረጃውስ? በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ በ376 ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ሁለቱን ቁሶች እስከ 2 ዓመት አነጻጽሯል። በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተሸፈነ ፐልፕ ሳይድን የመቅረቱ ዕድል 31.5 በመቶ ሲሆን በኤም.ቲ.ኤ. ግን 19.7 በመቶ ነበር። ልዩነቱ ከፍተኛ ነው፤ ሆኖም የተሻለው ቁስ እንኳ ከአምስት አንዱን ያህል አላዳነም።

አንድ ማሳሰቢያ እናክል። ከግንባታ ቦታ የሚገኝ ሲሚንቶ ወደ አፍ ሊገባ ከቶ አይገባም። ለጥርስ የሚዘጋጀው ከአርሴኒክና ከመሰል ጎጂ ንጥረ ነገሮች የነጻ፣ የቅንጣቱ መጠንም የተመጠነ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ቆንጠጥ አድርጎ ወዲያው የሚተው ጥርስ ብዙ ጊዜ ፐልፑ ሊተርፍ የሚችል ነው። ሕመሙ ሳይቀሰቅሱት የሚነሣና ሌሊት የሚያባንን ከሆነ ግን ቁጣው ሥር ሰዷል ማለት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜም ቢሆን ሐኪሙ የተጎዳውን የፐልፕ ክፍል ብቻ አንስቶ የቀረውን በሲሚንቶው ሸፍኖ ሊያድን የሚችልበት አጋጣሚ አለ። የሞተን ፐልፕ ግን የሚያስነሣ ሲሚንቶ የለም። ስለሆነም በመጀመሪያው ምልክት ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ፣ ታናናሾቻችንንም ይዞ መሄድ፣ ከማናቸውም ቁስ የበለጠ ዋጋ አለው እንላለን።