አንገት አጣማሚው ባክቴሪያ

እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይናዋ ሁናን ግዛት ለምግብ በሚረቡ ጥቁር ነጠብጣብ እንቁራሪቶች ላይ አንድ ክፉ በሽታ ገባ። የታመመችው እንቁራሪት አንገቷ ወደ ጎን ይጣመማል፤ ስትዋኝ ሚዛኗን ስታ ባለችበት ትሽከረከራለች፤ የዓይኗ ብሌን እየነጣ ይሄዳል፤ ከዚያም ትሞታለች።

እንቁራሪት በባክቴሪያ ታመመች በተባለ ቁጥር ቀድሞ የሚጠረጠረው ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ ነው። እግር የሚያቀላው የታወቀ በሽታም ብዙ ጊዜ የሚላከከው በእሱ ላይ ነው። ይሁንና ይህ ባክቴሪያ በኩሬ ውሃም በጤነኛ እንቁራሪት አንጀትም ስለሚኖር፣ ሬሳ ላይ መገኘቱ ብቻ ገዳይ አያሰኘውም። ስለዚህ ናሙናው ከቆዳ ብቻ ሳይሆን፣ በጤና ጊዜ ንጹሕ መሆን ከሚገባቸው ከአንጎልና ከጉበት ጭምር ይወሰዳል።

ናሙናው በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ይዘራል። ከበቀለው ላይ ጥቂት ተነሥቶ ዲኤንኤው ይወጣና 16ኤስ የተባለው ዘረመል ፒሲአር በተባለው ዘዴ ይባዛል። ወደ 1,500 ፊደላት ያሉት ይህ ዘረመል የተመረጠው ያለምክንያት አይደለም፤ ፕሮቲን ለሚሠራው ራይቦዞም የግድ ስለሚያስፈልግ የሌለው ባክቴሪያ የለም። አንዳንዱ ክፍሉ በሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ ስለሆነ ማባዛቱ የሚጀመረው ከዚያ ነው። ዝርያ የሚለየው በመካከል ያለው ተለዋዋጭ ክፍል ነው። የተነበበው ፊደል ጀንባንክ ከተባለው የመረጃ ቋት ጋር ይመሳከራል።

የሁናኑ ተጠርጣሪ ኤሊዛቤትኪንጊያ ሚሪኮላ ሆኖ ተገኘ። የሚገርመው፣ ሳይንስ ይህን ዝርያ መጀመሪያ ያወቀው ከኩሬ ሳይሆን፣ ሚር በተባለው የሩሲያ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ከተጠራቀመ የእርጥበት ውሃ ነው።

16ኤስ ግን እዚህ ላይ ይቸገራል። የኤሊዛቤትኪንጊያ ዝርያዎች በዚህ ዘረመል በጣም ስለሚቀራረቡ አንዱ በሌላው ስም ሊመዘገብ ይችላል፤ ከመካከላቸው ጨቅላ ሕፃናትን በማጅራት ገትር የሚያጠቃም አለ። እርግጠኛ ለመሆን የባክቴሪያውን ሙሉ ዲኤንኤ፣ ማለትም ጂኖሙን፣ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሁለት ጂኖሞች አንድ ዝርያ የሚባሉት በአማካይ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ሲመሳሰሉ ነው።

የባክቴሪያው ስም መታወቁ ብቻውን ጥፋተኛነቱን አያረጋግጥም። ባክቴሪያው ለጤነኛ እንቁራሪት ተሰጥቶ ያው የአንገት መጣመም መታየት፣ ከታመመችውም ያው ባክቴሪያ መልሶ መገኘት አለበት። አርቢውም መድኃኒት ከመግዛቱ በፊት የላቦራቶሪውን ውጤት ቢጠብቅ ይሻለዋል፤ ኤሊዛቤትኪንጊያ የፔኒሲሊን ቤተሰብ የሆኑትን ብዙዎቹን መድኃኒቶች ይቋቋማል።