«ታገሥ» የሚለው ማን ነው?

«ታገሥ፣ ያልፋል።» ይህን ሳይባል ያደገ ካለ እጁን ያውጣ። ሥራ ስናጣ እንባላለን፣ አከራይ ድንገት ሲጨምርብን እንባላለን፣ ደመወዝ ከወሩ አጋማሽ ሳይደርስ ሲያልቅ እንባላለን። ክርስቲያን ነኝና ቃሉን አልጠላውም። አንገት ላይ መስቀል አስሮ «መከራ አይንካኝ» ማለት አይቻልም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ታገሥ» የሚለው ማን ነው? የእኛ መታገሥስ የሚጠቅመው ማንን ነው?

ከኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል እንደተመረቅኩ የተቀጠርኩት አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ አልተከፈለንም። የጠዋት ጸሎት ግን አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም። አለቃችን ከጸሎቱ በኋላ ስለ ኢዮብ ትዕግሥት ያስተምረናል፣ ከዚያ በቃ ወደ ሥራ። አንድ ቀን ሕፃን ልጅ ያላት የሥራ ባልደረባችን ስለ ደመወዙ ጠየቀችው። «እህቴ፣ ፈተና ነው እኮ። እምነትሽ የት አለ?» አላት።

ትምህርት ቤት «ኤክስተርናሊቲ» የሚባል ነገር ተምረናል። አንዱ የወሰነው ነገር የሚያመጣውን ወጪ፣ ውሳኔው ላይ የሌለበት ሌላ ሰው ሲከፍለው ማለት ነው። ፋብሪካው ያተርፋል፣ ከወንዙ በታች ያለው ሰፈር ቆሻሻ ውኃ ይጠጣል። የአለቃችን ስብከት ለእኔ ከዚህ አይለይም። የእሱን ዕዳ እኛ እንሸከማለን፣ ስሙ ግን «እምነት» ነው።

እስቲ ወደ መጽሐፉ እንመለስ። ኢዮብ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከምዕራፍ 3 ጀምሮ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፣ ይጠይቃል፣ ከፈጣሪው ጋር ይሟገታል። በመጨረሻው ምዕራፍ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው ግን «ጥፋቱ የአንተ ነው» እያሉ በነዘነዙት ሦስት ወዳጆቹ ላይ ነው። የኢዮብን ትዕግሥት የሚያነሳው የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5ም ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎ የአጫጆችን ደመወዝ ያስቀሩ ባለጠጎችን ይወቅሳል፤ የሠራተኞቹ ጩኸት ወደ ጌታ ጆሮ ደርሷል ይላል። አለቃችን ቁጥር 11ን በቃሉ ይወጣዋል። ቁጥር 4ን ግን አንድም ቀን ሲያነሳ አልሰማሁም።

ጳውሎስስ? ፊልጵስዩስ ላይ ከሲላስ ጋር ተገርፎ ታሰረ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ወኅኒ ውስጥ ዘመሩ። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጠዋት የሆነውን ግን ብዙ ጊዜ አይሰበክልንም። ሹማምንቱ በድብቅ ሊለቁት ሲሉ «አይሆንም» አለ። የሮም ዜጎች ነን፣ ሳይፈረድብን በአደባባይ ገርፋችሁናል፣ ራሳችሁ መጥታችሁ አውጡን ብሎ አስመጣቸው። የዘመረውም መብቱን የጠየቀውም ያው አንድ ጳውሎስ ነው።

ታዲያ ክርስቲያናዊ ትዕግሥት የቱ ነው? አቡነ ጴጥሮስን አስቧቸው። ጣሊያን አርበኞቹን እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም እንዲገዛ እንዲነግሩለት ጠየቃቸው፤ እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም በደርግ ዘመን ደጋግመው ታስረዋል። ከአገር የመውጣት ዕድል ነበራቸው፤ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፣ ተገደሉም። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ 10 ዓመት ገደማ ታስረዋል። እነዚህ ሰዎች ዋጋውን ራሳቸው መርጠው፣ ለሌላው ሲሉ ከፈሉ። ሌላውን «አንተ ክፈልልኝ» አላሉም።

ለእኔ መለኪያው ይኸው ነው። መከራው ለእውነት ወይም ለሰው ብለህ የገባህበት ከሆነ፣ ወይም እንደ ሕመምና እንደ ሐዘን ማንም ሊያነሳልህ የማይችለው ከሆነ፣ መታገሥ እምነት ነው። ሌላው ለራሱ ጥቅም የጫነብህ ከሆነ ግን እየጸለይክ መጠየቅ ትችላለህ።

ባልደረባችን ያደረገችው ይህንኑ ነው። ፍልሰታን እየጾመች አቤቱታዋን አስገባች። ቀኑ ረዘመ፣ ግን ገንዘቧን አገኘች።

እናንተም እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ያልተከፈለ ደመወዝ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ የቅጥር ውላችሁንና የባንክ መግለጫችሁን ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ጸሎቱን አታቋርጡ፤ ቀኑንም ቁጠሩ።