የእንስሳት ጤና ረዳት የሚሠራው የት ነው?

ገጠር ያደገ ሰው የእንስሳት ጤና ረዳትን የሚያውቀው በክትባት ዘመቻ ነው። ከብቱ ከየመንደሩ እየተነዳ ይመጣል፤ በእንጨት በታጠረው ጠባብ መተላለፊያ ተራ በተራ ይገባል፤ ረዳቱም እየወጋ ያሳልፋል። በዚህ የተነሳ ሙያው መርፌ መውጋት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይሁንና በሽታ ከአንዱ እንስሳ ወደ መንጋው፣ ከመንጋውም ወደ ሰው ሳይሻገር ቀድሞ የሚያየው ብዙውን ጊዜ ይኸው ባለሙያ ነው። የሥራ ቦታዎቹም ሰውና እንስሳ የሚገናኙባቸው ስፍራዎች ሁሉ ናቸው።

ረዳቱ የእንስሳት ሐኪም አይደለም። ሐኪሙ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በዶክትሬት ይመረቃል፤ ረዳቱ ግን እንደ አላጌ ባሉ የግብርና ኮሌጆች ሙያውን ተምሮ በሐኪም ክትትል ያክማል፣ ይከትባል፣ ናሙና ይወስዳል፣ ይመዘግባል። ብዙዎቹ ሥራ የሚጀምሩት በቀበሌ የእንስሳት ጤና ኬላ ወይም በወረዳ ክሊኒክ ነው። ጡቷ ያበጠ ላም፣ ጫንቃው በቀንበር የቆሰለ በሬ፣ ትል ያመነመነው በግ የዕለት ተዕለት ሥራቸው ነው።

ከባዱ ፈተና የሚመጣው በሬ በድንገት ሞቶ ያልረጋ ደም ከአፍንጫው ሲወርድ ነው። ይህ የአባ ሰንጋ ምልክት ስለሆነ ሬሳው ፈጽሞ መከፈት የለበትም። ባክቴሪያው አየር ሲያገኝ ጠንካራ ሽፋን ያበጅና አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ረዳቱ ከጆሮው ጥቂት ደም ለምርመራ ይወስዳል፤ ሬሳው እንዲቃጠል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ እንዲቀበር ያደርጋል። በሬውን ያጣው ገበሬ ግን ቢያንስ ሥጋው እንዲተርፍለት ይፈልጋል፤ ጎረቤቱም ቢላዋ ይዞ ቆሟል። እነዚህን ሰዎች ሳያስቀይሙ ማሳመን መቻል የሙያው ግማሽ ነው።

ሁለተኛው የሥራ መስክ ማዳቀል ነው። ቃሊቲ ከሚገኘው ማዕከል የሚወጣው የኮርማ ዘር በቀጫጭን ቱቦዎች ተሞልቶ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። አዳቃዩ ቱቦውን ለብ ባለ ውሃ አሟሙቶ ወዲያው ይጠቀምበታል። ጊዜውም ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ የታየች ላም ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየች ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች። ገበሬው ዘግይቶ ቢጠራ ወይም አዳቃዩ መጓጓዣ አጥቶ ቢቀር የሚቀጥለው ዕድል የሚመጣው ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው።

ቄራ የሚሠራው ደግሞ የምንበላውን ሥጋ ይመረምራል። እንስሳው ከመታረዱ በፊት አቋሙንና አረማመዱን ያያል። ከታረደ በኋላ የጉንጩን ጡንቻ፣ ምላሱንና ልቡን ቀዶ የኮሶ ትል እጭ ይፈልጋል፤ ጉበቱንና ሳንባውን ይዳስሳል፤ ለሳንባ ነቀርሳ ምልክት ዕጢዎቹን ይቆርጣል። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ በሚወደድበት አገር ይህ ምርመራ የጤና አጥር ነው። በሞጆና በቢሾፍቱ የኤክስፖርት ቄራዎችም የበግና የፍየል ሥጋ ወደ ሳውዲ ዓረቢያና ወደ ኤምሬትስ ከመላኩ በፊት በተመሳሳይ ምርመራ ያልፋል።

ጸጥታ ለሚወድ ቤተ ሙከራ አለ። ቢሾፍቱ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው ብሔራዊ ተቋም የእንስሳት ክትባት ያመርታል፤ በሰበታው ተቋም ደግሞ ከየክልሉ የሚላክ ናሙና ይመረመራል። ረዳቱ እዚያ ደም ያጣራል፣ ስላይድ ያዘጋጃል፣ መዝገብ ይይዛል። በከተማም የዶሮ እርባታዎች፣ የውሻና የድመት ክሊኒኮች እንዲሁም ለጋሪ ፈረስና ለአህያ የቆሙ ድርጅቶች ይህን ባለሙያ ይቀጥራሉ።

ሙያው ምን ያህል ርቆ መሄድ እንደሚችል ያሳየው ግን ቆላው ነው። የደስታ በሽታ የተባለው የከብት ወረርሽኝ ከ1880 ዓ.ም ጀምሮ የእርሻ በሬዎችን ፈጅቶ፣ ክፉ ቀን የተባለውን ረሃብ ያመጣ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም በሽታው በአፋር መንጋዎች ውስጥ መሽጎ ነበር፤ መንገድና መብራት በሌለበት ክትባቱን ቀዝቃዛ አድርጎ ማድረስ አልተቻለም። መፍትሔው ከማቀዝቀዣ ውጭ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት፣ እንዲሁም ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ የማኅበረሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኞች ሆኑ። መንጋው የሚሄድበትን እነሱ ያውቃሉና ተከትለው ከተቡት። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው።

ይህን ሙያ ለመምረጥ የሚያስብ ወጣት ክብሩንም አደጋውንም ይወቅ። ርግጫና የሌሊት ጥሪ አለ። የውርጃ በሽታ ያለባትን ላም የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ የሚያወጣ ረዳት በሽታውን ወደ ራሱ ሊያስተላልፍ ይችላል። አሠሪውም ኃላፊነቱን ይወቅ። ብዙው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል፤ ገበሬው ከብቴ ተከትቧል ብሎ ሲዘናጋ በሽታው ይገባል። ስለዚህ ረዳት ለመቅጠር በጀት የሚይዝ ወረዳ ማቀዝቀዣውን፣ ሞተር ሳይክሉንና ጓንቱን አብሮ ይያዝ። ደመወዙ ብቻ ተከፍሎት መሣሪያ የተነፈገ ባለሙያ በሽታውን ቢያይም ሊያስቆመው አይችልም።