ባለብዙ አገልግሎት ሰንጢ

በቤት ውስጥ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚሆን መሣሪያ አይታጣም። ለመቁረጥ ቢላዋ፣ ለመብሳት ወስፌ፣ ብሎን ለመፍታት ካቻቢቴ፣ ሽቦ ለመጠምዘዝ ፒንሳ አለ። ከቤቱ ርቆ በዱር ወይም በመስክ ድንኳን የሚተክል ሰው ግን ይህን ሁሉ ተሸክሞ ሊጓዝ አይችልም። ባለብዙ አገልግሎት ሰንጢ የተፈለሰፈው ይህንን ችግር ለማቃለል ነው።

ባለብዙ አገልግሎት ሰንጢ ማለት ልዩ ልዩ መሣሪያዎች በአንድ እጀታ ውስጥ ታጥፈው የሚቀመጡበት፣ በኪስ የሚያዝ መሣሪያ ነው። ታሪኩ ከስዊዘርላንድ ጦር ሠራዊት ጋር የተያያዘ ነው። ካርል ኤልሰነር የተባለ ቢላዋ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1884 ኢባኽ በምትባል መንደር የሥራ ቤት ከፈተ፤ በ1891ም ለወታደሮች የሚሆን ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። ወታደሩ ጠመንጃውን የሚፈታበት ካቻቢቴና የታሸገ ምግቡን የሚከፍትበት የቆርቆሮ መክፈቻ ያስፈልገው ስለነበር፣ ሰንጢው ከስለቱ በተጨማሪ እነዚህንና አንድ ወስፌ የያዘ ነበር። ኤልሰነር ከዚህ ቀለል ያለውን የመኮንኖች ሰንጢ በ1897 አስመዘገበ። ብልሃቱም አንዱ ሞላ ከእጀታው በሁለቱም በኩል ያሉትን መሣሪያዎች ደግፎ እንዲይዝ ማድረጉ ነበር።

ይሁን እንጂ ሰንጢው ፒንሳ አልነበረውም። ቲም ሌዘርማን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1975 በአሮጌ መኪና አውሮፓን ሲጎበኝ፣ መኪናው በተበላሸ ቁጥር በኪሱ የያዘው ሰንጢ አልበቃ አለው። ስለዚህ ፒንሳን ዋና አካሉ ያደረገ፣ ሌሎቹም መሣሪያዎች በእጀታዎቹ ውስጥ የሚታጠፉበት አዲስ ዓይነት መሣሪያ ነደፈ፤ በ1983ም ይህንኑ የሚያመርት ኩባንያ ከባልንጀራው ጋር አቋቋመ።

የዚህ መሣሪያ ጥቅም በተግባር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል ከድንኳኑ ካስማዎች አንዱ በጉዞ ላይ ጠፋ እንበል። በዚህ ጊዜ ከመሬት ወድቆ ከደረቀ እንጨት መካከል የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ቀጥ ያለ አንዱ ተመርጦ ስንዝር ከጋት ያህል በመጋዙ ይቆረጣል። ቀጥሎም አንደኛው ጫፍ በስለቱ ይሾላል። ከሌላው ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ደግሞ ገመዱ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ቦታ ይፈለፈላል፤ መጀመሪያ በመጋዙ ጥቂት ተቆርጦ ኋላ በስለቱ ሲጠረብ ሥራው ይቀላል። በመጨረሻም የካስማው ራስ ጠርዝ ዙሪያውን ይላጣል፤ ይህ ካልተደረገ በድንጋይ ሲመታ እንጨቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። እንግዲህ በኪስ የተያዘ አንድ መሣሪያ መጋዝም ስለትም ሆኖ ድንኳኑን ከመውደቅ አዳነ ማለት ነው።

ከዚህም ጋር መሣሪያው ወሰን እንዳለው ማወቅ ይገባል። እጀታው አጭር፣ ክብደቱም አነስተኛ ስለሆነ መጥረቢያን ወይም ገጀራን አይተካም። ስለቱም ቀጭን ስለሆነ ድንጋይ ለመፈንቀል ወይም ክዳን ለመመንቀር ቢሞከርበት ይሰበራል። ከሁሉም በላይ አደገኛ የሚሆነው መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ ነው። ስለቱን ተዘርግቶ እንዲቆም የሚያደርገው የሞላው ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ ጀርባው ላይ ኃይል ሲያርፍበት ታጥፎ ጣትን ሊቆርጥ ይችላል። ስለዚህ እንጨት ሲጠረብ ስለቱ ከሰውነት ወደ ውጭ መገፋት አለበት። የደነዘዘ ስለትም ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅና ስለሚያዳልጥ ከተሳለው ይበልጥ ያቆስላል። ከሥራ በኋላ ማጠፊያው ከአሸዋ ተጠርጎና ደርቆ ጥቂት ዘይት ሊደረግለት ይገባል።

በአጠቃላይ ሲታይ ባለብዙ አገልግሎት ሰንጢ ብዙ መሣሪያዎችን ቢይዝም፣ እያንዳንዱን የሚይዘው በትንሹ ነው። ጠቃሚነቱም የሚለካው በያዛቸው መሣሪያዎች ብዛት ሳይሆን፣ የያዘው ሰው የትኛውን መቼ እንደሚጠቀምበትና የትኛው ሥራ ከአቅሙ በላይ እንደሆነ ለይቶ በማወቁ ነው።

መልመጃ
1. የካስማው ራስ ጠርዝ የሚላጠው ለምንድን ነው?
2. መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ አደገኛ የሚሆንበትን ምክንያት በራስህ ወይም በራስሽ አነጋገር አስረዳ፤ አስረጂ።
3. በቤታችሁ ከሚገኙት መሣሪያዎች አንዱን መርጣችሁ ጥቅሙንና ወሰኑን በሁለት አንቀጽ ግለጹ።