ባኞና ሻወር በላስታ ደጋ

ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተቀመጠችው በላሊበላ፣ ለልደት በዓል በእግሩ ተጉዞ የመጣው ምእመንም ሆነ ከሩቅ አገር በአውሮፕላን የደረሰው ጎብኚ፣ አቧራውንና ድካሙን አራግፎ ወደ ማረፊያው በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚመኘው ሙቅ ውሃ ነውና፣ በግድግዳ ላይ ተተክሎ የሚታየው የባኞና የሻወር ቧንቧ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና በምን ምክንያት እንደሚታወክ ማወቅ ለቤቱ ባለቤትም ለሠራተኛውም የሚገባ ጥበብ ነው።

ይህ ዕቃ በውጭ ሲያዩት አንድ ይምሰል እንጂ በውስጡ ልዩ ልዩ ክፍል አለው። ከግድግዳው ሁለት ቧንቧዎች ይመጡለታል፤ በልማድ ከፊቱ ለቆመ ሰው በግራ ያለው ሙቁን፣ በቀኝ ያለው ቀዝቃዛውን ያመጣል። እያንዳንዳቸው በየመዝጊያቸው አልፈው በዕቃው ሆድ ከተገናኙና ከተዋሐዱ በኋላ፣ ወይ በአፉ ወደ ባኞው ይወርዳሉ፣ ወይም መቀየሪያው ሲሳብ መውረጃው ይዘጋባቸውና በግድግዳው ውስጥ ባለው ቀጭን ቧንቧ ወደ ሻወሩ ራስ ይወጣሉ።

ብዙ ሰው ዕቃው የታመመ በመሰለው ጊዜ ወዲያው መፍቻ ያነሣል፤ እኔ ግን ከዕቃው በፊት ውሃው የመጣበት መንገድ ይመርመር እላለሁ፤ ምክንያቱም ውሃ ከመነሻው ከፍታ በላይ በራሱ ኃይል ሊወጣ አይችልም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ውሃ በቧንቧ ወደ አዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ባመጣ ጊዜ፣ ወደ ሸለቆው የወረደው ውሃ እንደገና ኮረብታውን መውጣቱ የሚያስደንቅ ነገር ቢሆንም፣ ምሥጢሩ እንጦጦ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ በላይ መሆኑ ብቻ ነበረ። ይኸው ሕግ ዛሬም በጣራ ላይ በተቀመጠው ሮቶ ይሠራል። አንድ ሜትር ቁመት ያለው ውሃ የሚሰጠው ግፊት የአንድ ባር አንድ አሥረኛ ነው። እንግዲህ የሮቶው ወለል ከክፍሉ ወለል 4 ሜትር ከፍ ቢል፣ የሻወሩም ራስ በ2 ሜትር ላይ ቢሰቀል፣ ለሻወሩ የሚቀርለት የ2 ሜትር ግፊት ብቻ ሲሆን፣ ግማሽ ሜትር ላይ ላለው የባኞ አፍ ግን 3 ሜትር ተኩል ይደርሰዋል። ባኞው ሲሞላ ሻወሩ የሚንጠባጠበው ስለዚህ ነው። ከውጭ የሚመጡት ዕቃዎች አብዛኞቹ አንድ ባርና ከዚያ በላይ ለሆነ ግፊት፣ ማለት ለ10 ሜትር ከፍታ፣ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ሮቶውን ከፍ ወዳለ ማማ ሳያወጡ ወይም በፓምፕ ሳያግዙት አዲስና ውድ ዕቃ መግዛት ገንዘብን በከንቱ ማጥፋት ነው።

ጥፋቱ የከፍታ ይሁን የመደፈን ለማወቅ፣ የሻወሩን ራስ ፈትቶ ውሃውን በባዶው ቧንቧ መልቀቅ ይበቃል። ውሃው በኃይል ከወጣ በሽታው በሻወሩ ራስ ላይ ነው፤ ቀዳዳዎቹን የደፈነውን ኖራ ለማሟሟት አንድ ሌሊት በአቼቶ ውስጥ ነክሮ ማሳደር፣ ወንፊቱንም ከአሸዋና ከዝገት ማጠብ ያድነዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ይህ ደለል ብዙ ነው፤ መስመሩ ባዶ ሆኖ ከርሞ ውሃው ሲመለስ በመንገዱ የተጋገረውን ሁሉ ጠራርጎ ያመጣልና። አየርም በቧንቧው ጉብታ ላይ ተይዞ ይቀርና ውሃው እየተፋ እየቆመ ይመጣል፤ ይህ ሲሆን ዝቅ ያለውን ቧንቧ ቀስ ብሎ ከፍቶ አየሩ እስኪወጣ መታገሥ ነው።

መቀየሪያው ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ከባኞው አፍ ላይ ወደ ላይ የሚሳበው ዓይነት ተነሥቶ የሚቆየው የውሃው ግፊት ደግፎ ስለሚይዘው ነው፤ ስለዚህ ግፊቱ ደካማ በሆነበት ቤት ጤናማ ሆኖ ሳለ ይወድቃል፣ ባለቤቱም ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። ግፊቱ መልካም ሆኖ ውሃው ከታችም ከላይም አብሮ ከወጣ ግን ላስቲኩ ማለቁ ነው። እጀታው ተዘግቶ ጠብ የሚለውም በላስቲክ ማለቅ ነውና፣ ዋናውን መዝጊያ ዘግቶ፣ ፈትቶ፣ ላስቲኩን መለወጥ ይገባል፤ አዲሱ ላስቲክ ፈጥኖ ከተቆረጠ የሚያርፍበት የናስ ከንፈር ተቦርብሯል ማለት ስለሆነ እርሱ ይላግ።

ሙቁ ውሃ ድንገት ቀዝቅዞ የሚያስደነግጠው፣ ቀዝቃዛው በቀጥታ ከከተማው መስመር፣ ቦይለሩ ደግሞ ከሮቶ ሲቀዳ ነው፤ ብርቱው ደካማውን ገፍቶ ወደ መጣበት ይመልሰዋል። መድኃኒቱ ሁለቱን ከአንድ ሮቶ ማስቀዳት ነው። ከቦይለሩ ሥር ያለው፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው መዝጊያ ከተበላሸ ደግሞ፣ መስመሩ ሲደርቅ ቦይለሩ ባዶውን ይቀርና መብራት ሳይጠፋ ቢቆይ ማሞቂያው ይቃጠላል። ቦይለር ከመነካቱ በፊት መብራቱ ከዋናው ማጥፊያ መቋረጥ አለበት፤ በዚህ ነገር ቸልታ ነፍስ ያጠፋል።

ግድግዳ ሲረጥብ ልስኑን ከማፍረስ በፊት ውሃውን በተራ መጠየቅ ይገባል። ሁሉ ተዘግቶ እያለ ርጥበቱ የሚሰፋ ከሆነ ጥፋቱ በመጪው ቧንቧ፣ ሻወሩ ሲከፈት ብቻ ከሆነ ወደ ሻወሩ በሚወጣው፣ ባኞው ሲፈስ ብቻ ከሆነ በመውረጃው ነው። ይህ ምርመራ ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ሲሆን የብዙ ሰድር ዋጋ ያድናል።

ስለ መውጫው መንገድ የላሊበላ ሰው ከሩቅ ሳይሄድ ምስክር አለው፤ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ወጥ ዓለት የፈለፈሉት ጠቢባን የክረምቱን ዝናብ በከተማዋ ዮርዳኖስ ወደሚባለው ወንዝ የሚያወርዱ ቦዮችን አብረው ባይፈለፍሉ ኖሮ፣ በጥልቅ ጉድጓድ የቆመው ሕንፃ ሁሉ በየዓመቱ ውሃ ይተኛበት ነበር። የባኞው መውረጃም እንዲሁ ዘወትር ተዳፋት ይፈልጋል። ውሃው ለመውረድ የሚዘገየው በፀጉርና በሳሙና መጋገር ስለሆነ፣ መርዝ ከማፍሰስ በፊት ሽፋኑን አንሥቶ በሽቦ ማውጣት ይሻላል።

ክፉ ሽታ ግን ከሲፎኑ ነው። ከመውረጃው በታች ባለው ቆልማማ ቧንቧ የሚቀረው ጥቂት ውሃ የፍሳሹን አየር ይከለክላል፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ከደረሰ በኋላ እንደሆነው እንግዳ ጠፍቶ ክፍሎች ለወራት ሲዘጉ፣ ያ ውሃ በኖ አየሩ ወደ ክፍሉ ይገባል። ሠራተኛው ቧንቧው ተሰብሯል ብሎ ወለል ሳይቆፍር በየመውረጃው ሁለት ጣሳ ውሃ ያፍስስ፤ ክፍሉ እንደገና ለብዙ ጊዜ የሚዘጋ ከሆነም ውሃው እንዳይተን ከላዩ ጥቂት የምግብ ዘይት ይጨምርበት።