ለሥራሽ ላፕቶፕ ስትገዢ

እህቴ፣ አገር ቤት ገብተሽ ሱቅ ወይም ልብስ ስፌት ለመክፈት ካሰብሽ፣ ሂሳብና ዕቃ ለመመዝገብ ውድ ላፕቶፕ አያስፈልግሽም። ሪያድ ዑለያ ወዳለው የኮምፒውተር ገበያ ስትሄጂ እነዚህን ጠይቂ፦

ራም፦ 8 ጊጋባይት ይሁን፤ 4 ከሆነ ይንቀራፈፋል።

ማከማቻ፦ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይበቃል፤ ከድሮው ሃርድ ዲስክ ይፈጥናል።

ዊንዶውስ፦ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ያገለገለ ከሆነ 11ን የሚቀበል መሆኑን አረጋግጪ።

ባትሪ፦ አገር ቤት መብራት ይጠፋል፤ ቻርጀሩን ነቅለሽ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሪው።

ቻርጀር፦ 100–240 ቮልት የሚል ካለበት አገር ቤትም ይሠራል፤ ለሶኬቱ ግን አዳፕተር ያዢ።

ደረሰኙን በስምሽ አስጽፊ፤ አሠሪሽ «ከየት አመጣሽው?» ብትልሽ ማስረጃሽ እሱ ነው። የዓመታት ላብሽን ለሚያብረቀርቅ ክዳን አትስጪ።