ለወንዝ ዳር መከላከያ የሚሆን ቋሚ እንጨት አመራረጥ

በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ፣ በምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ፣ በክረምት የሚሞሉት ወንዞች ወደ ዐባይና ወደ በሽሎ ቁልቁል ሲወርዱ የእርሻውን ዳርና የመንገዱን ጠርዝ እየናዱ ይወስዳሉ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ዳሩን ለማጠናከር ቋሚ የሚሻ ሰው ወደ እንጨት ነጋዴ ይመጣል። የነጋዴው አደራ ቀላል አይደለም፤ ቋሚው ያለጊዜው ከበሰበሰ ከኋላው ያለው መሬት አብሮ ይሄዳልና።

በመጀመሪያ እንጨቱ በየት በኩል እንደሚበሰብስ ማወቅ ይገባል። ዘወትር በውሃ ውስጥ የሚኖረው ክፍል አየር ስለማያገኝ ቶሎ አይበሰብስም፤ ከላይ ደርቆ የሚኖረውም እንዲሁ ይቆያል። የሚጎዳው አንድ ጊዜ እየራሰ፣ አንድ ጊዜ እየደረቀ የሚኖረው፣ ከዐፈሩና ከውሃው ገጽ አጠገብ ያለው ወገቡ ነው።

ይህን የሚቋቋመው የእንጨቱ ልብ እንጂ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጩ ክፍል አይደለም። ከአገራችን ዛፎች የሐበሻ ጥድና የወይራ ልብ በጽናቱ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ያለው የደንቆሮ ጫካ የተጠበቀ ስለ ሆነ፣ ከዚያ የተቆረጠ እንጨት ለንግድ ሊቀርብ አይገባም። ከዚህም በላይ የተራራውን ውሃ የሚይዘውን ደን ቆርጦ በወንዝ ዳር መትከል ጎርፉን ማበርታት ነው።

እንግዲህ ለገበያው የሚቀረው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ለጋው ባሕር ዛፍ አብዛኛው አካሉ ነጭ ክፍል ስለ ሆነ በዐፈር ውስጥ ከጥቂት ዓመት አያልፍም። ዝቅ ባለው አገር የሚበቅለው የቀይ ባሕር ዛፍ ልብ ከደጋው ነጭ ባሕር ዛፍ ይሻላል። የተቃጠለ ዘይት መቀባት ወይም በእሳት መለብለብ ከገጹ አልፎ አይገባም፤ ዘይቱም ውሃውን ይበክላል። እንደ መብራት ምሰሶ በፋብሪካ፣ በግፊት መድኃኒት የጠጣው እንጨት ረጅም ዕድሜ አለው፤ ነገር ግን ከመድኃኒቶቹ አንዳንዱ አርሴኒክ ያለበት በመሆኑ ሰውና ከብት በሚጠጡበት ወንዝ ዳር መትከሉ አይመከርም።

ስለዚህ የተሻለው ዘዴ ደረቁን ቋሚ ከሕያው ጋር ማጣመር ነው። በወንዝ ዳር የሚበቅለው አኻያ ርጥብ ቅርንጫፉ ቢተከል ሥር ይሰዳል። ባሕር ዛፉ ጸንቶ በሚቆይባቸው ዓመታት የአኻያው ሥር ዐፈሩን ይይዛል፤ ቋሚው ሲበሰብስም ሥራውን ሕያው ዛፍ ይረከበዋል። ድንጋይ የሚያንከባልል ትልቅ ወንዝ ግን በእንጨት ብቻ አይገታም፤ ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ቅርጫት ያስፈልገዋል።

ነጋዴው ሲገዛ ቅርፊቱ የተላጠ፣ ያልተሰነጠቀ፣ በተቆረጠው ጫፍ በኩል ሲታይ ልቡ ሰፊ የሆነውን ይምረጥ። አኻያውን ግን ሳይደርቅ፣ በተቆረጠ በቅርብ ቀን ያስረክብ። ሲሸጥም ባሕር ዛፉ የጥቂት ዓመት ዕቃ መሆኑን ለገዢው አስቀድሞ ይንገረው፤ አኻያውን አብሮ እንዲተክል የሚያደርገው ይህን ማወቁ ነውና።